የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ቻርጅ ማድረጊያ የት ይተከል? ከስምሪት ሰንጠረዡ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይገኛል፣ "እዚህ ቻርጀር እንትከል" ይባላል፣ ከዚያ ስምሪቱ ለቦታው እንዲመች ይጣመማል። ውጤቱ የታወቀ ነው። አውቶቡሱ ያለ ተሳፋሪ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ቻርጀር ላይ ተራ ይጠብቃል፣ ተሳፋሪው ደግሞ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል።

የመሬት ጉዳይ ኋላ የሚመጣ ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት አውቶቡሱ ቀኑን እንዴት እንደሚውል፣ የት እንደሚቆምና ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ነው። ቀጥሎ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ። እነዚህ ሁለቱ በደንብ ከተሠሩ የሚቀሩት አማራጭ ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ።

1ኛ፦ መስመሩን ሳይሆን የአውቶቡሱን ውሎ ጻፉ

"መስመሩ 14 ኪሎ ሜትር ነው" የሚለው መረጃ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ባትሪውን የሚጨርሰው የአንድ አውቶቡስ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። አንዱ ጠዋት በአንድ መስመር ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ሌላ መስመር ላይ ሊመደብ ይችላል። ሌላው ጠዋትና ማታ ብቻ ይሠራና እኩለ ቀን ላይ ዴፖ ውስጥ ይቆማል። ሁለቱ አንድ ዓይነት አውቶቡስ ቢሆኑም ቻርጀር የሚያስፈልጋቸው በተለያየ ቦታና ሰዓት ነው።

ከስምሪት ክፍል የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ የቀን ሥራ ውሰዱና በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሩት። ከዴፖ የሚወጣበት ሰዓት፣ እስከ መጀመሪያው ፌርማታ በባዶ የሚሄደው ርቀት፣ ምልልሱ፣ በየተርሚናሉ የሚቆምበት ደቂቃ፣ ተመልሶ የሚገባበት ሰዓት። የባዶ ጉዞውን እንዳትረሱት፤ ተሳፋሪ ባይኖርበትም ባትሪ ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። የቆይታ ጊዜውን ከወረቀቱ ብቻ አትውሰዱ። ወረቀቱ ላይ 12 ደቂቃ የተጻፈ እረፍት፣ የማታው መጨናነቅ ሲመጣ 4 ደቂቃ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ምክንያቱም አውቶቡሱ ዘግይቶ ይደርስና በሰዓቱ ለመውጣት የሚበላው ያንኑ እረፍት ነው። አውቶቡሶቹ ላይ የጂፒኤስ መከታተያ ካለ የጥቂት ወራት መረጃ አውጡና በእውነት ስንት ደቂቃ እንደቆሙ እዩ። አማካዩን አትያዙ። ከአሥር ቀን በዘጠኙ የሚገኘውን ደቂቃ ያዙ፤ እቅዱ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው። መከታተያ ከሌለ ሰው ወረቀትና ሰዓት ይዞ በመጨናነቂያ ሰዓት ተርሚናሉ ላይ ይቁም። አድካሚ ነው፣ ግን ሌላ ምንም ነገር አይተካውም።

2ኛ፦ በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚበላ በራሳችሁ መንገድ ላይ ለኩ

ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ በአብዛኛው በኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ባለ 18 ሜትሩ፣ መሀሉ ላይ የሚተጣጠፈው አውቶቡስ፣ ከ2 በላይ ሊሄድ ይችላል። ይህ ለመነሻ ግምት ይሆናል እንጂ ቻርጀር አይተከልበትም። የሙቀት ወይም የቅዝቃዜ ማመጣጠኛው፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ የፌርማታዎቹ መቀራረብ፣ የሹፌሩ አነዳድ፣ ሁሉም ቁጥሩን ይለውጡታል። በጣም በሚቀዘቅዝ ቦታ ውስጡን ማሞቅ ብቻውን ፍጆታውን በግልጽ ከፍ ያደርገዋል፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው።

ዳገቱን ለብቻው አስሉት። ከነተሳፋሪው 16 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ በከፍታ 300 ሜትር ሲወጣ፣ የስበት ኃይልን ለማሸነፍ ብቻ 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህ ሜዳ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ነው። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ግን ሁሉንም አይደለም።

ይህ ነገር የቦታ ምርጫውን በቀጥታ ይነካል። ቻርጀሩን ዳገቱ አናት ላይ ባለው ተርሚናል ተክላችሁ ባትሪውን እዚያ ብትሞሉት፣ ቁልቁል ሲወርድ የሚመነጨው ኃይል መግቢያ ያጣል። የሞላ ባትሪ አይቀበልም፤ ስለዚህ ኃይሉ በሙቀት መልክ ይባክናል፣ የፍሬን ሸራውም ቶሎ ያልቃል። ሌላው ነገር እኩል ከሆነ ቻርጀሩ ከታች፣ ከዳገቱ በፊት ቢሆን ይሻላል። ከላይ መትከል የግድ ከሆነ ደግሞ ቻርጁ 85 በመቶ አካባቢ እንዲያቆም አድርጉ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የሙከራ አውቶቡስ በውሰት አግኙና በዋና ዋና መስመሮቻችሁ ላይ ንዱት። ውስጡ ተሳፋሪ የሚያህል ክብደት ይጫን፤ የአሸዋ ከረጢት ይበቃል። ባዶ አውቶቡስ ለስላሳ መንገድ ላይ ነድቶ የሚመጣ ቁጥር ለማስታወቂያ ነው የሚሆነው።

3ኛ፦ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑ

በምሳሌ ላሳያችሁ። አውቶቡሱ በቀን 220 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በኪሎ ሜትር 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በጠቅላላው 286 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባትሪው 350 ተብሎ ተጽፎበታል። ስታዩት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

አይበቃም። ከታች 15 በመቶውን ለመጠባበቂያ ትተዉታላችሁ፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም አቅጣጫ ቢቀየር አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ እንዳይቀር። ከላይም 5 በመቶውን የባትሪውን ዕድሜ ለመጠበቅ አትነኩትም። የቀረው 80 በመቶ ነው፣ ማለትም 280። አዲስ እያለ እንኳ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይጎድለዋል። ከዓመታት በኋላ የባትሪው አቅም ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ደግሞ የምትጠቀሙበት 224 ብቻ ይሆናል፣ ጉድለቱም 62 ይደርሳል።

ቻርጀር የሚተከለው ለዚህ ለ62ቱ ነው። አዲስ ባትሪ ይዞ የተሠራ እቅድ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል፣ ባትሪው እያረጀ ሲሄድ ግን ስምሪቱ ከማታው ሰዓት ጀምሮ ይፈርሳል።

4ኛ፦ ውሎዎቹን በጉድለታቸው ለዩ

አሁን እያንዳንዱ የቀን ሥራ አንድ ቁጥር አለው፤ ወይ ይተርፈዋል ወይ ይጎድለዋል። በሦስት ክፈሏቸው። ሌሊት ዴፖ ውስጥ ቻርጅ ተደርጎ ቀኑን የሚጨርስ፤ ትንሽ የሚጎድለው፤ ብዙ የሚጎድለው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መጀመሪያ ዴፖውን አሟጣችሁ ተጠቀሙ። ዴፖ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ርካሽ ነው፣ ጥበቃ አለ፣ ጥገናው ቅርብ ነው፣ አውቶቡሱም ሌሊት ለረጅም ሰዓት ስለሚቆም ዝግ ያለ ቻርጀር ይበቃዋል። የቻይናዋ ሼንዘን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ ስታደርግ በአብዛኛው የተማመነችው በባትሪያቸው ትልቅነትና በዴፖና በተርሚናል ቻርጀሮች ነው። በሌላው ጫፍ የስዊዘርላንዷ ጄኔቫ አለች። በመስመር 23 ላይ አውቶቡሱ በተመረጡ ፌርማታዎች ተሳፋሪ እስኪወርድና እስኪወጣ በ600 ኪሎዋት ለ20 ሰከንድ ያህል ይሞላል። ሁለቱም ይሠራሉ። ግን የጄኔቫው መንገድ ፌርማታ ድረስ ከፍተኛ ኃይል መዘርጋት ይጠይቃል፣ መስመሩንም ለረጅም ጊዜ መቀየር አይቻልም። መስመር ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት ከተማ ውስጥ ባይሞከር ይሻላል።

ትንሽ ለሚጎድላቸው ሁልጊዜ ቻርጀር አይደለም መልሱ። ሁለት ውሎዎችን አቀያይሩ፤ ረጅሙን የሚሠራው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላውን ለሌላው ይስጥ። ወይም ከጠዋቱ መጨናነቅ በኋላ ዴፖ ገብቶ አንድ ሰዓት ተኩል ይሙላ። ብዙ የሚጎድላቸው ሲቀሩ ብቻ ነው ተርሚናል ላይ ስለሚተከል ፈጣን ቻርጀር የምናወራው።

5ኛ፦ ተርሚናሎቹን መዝኑ

ጉድለት ያለባቸው አውቶቡሶች የሚቆሙባቸውን ተርሚናሎች ዘርዝሩ። ብዙ መስመሮች የሚገናኙበት ተርሚናል ቀዳሚ ነው፤ አንድ ቻርጀር ለብዙ ውሎ ይደርሳል፣ ነገ አንዱ መስመር ቢቀየር እንኳ ሥራ አይፈታም።

ከላይ ያየነው አውቶቡስ 62 ይጎድለዋል። ተርሚናሉ ላይ 300 ኪሎዋት የሚሰጥ ፓንቶግራፍ አለ እንበል፤ ከላይ ወርዶ ጣሪያው ላይ የሚገጥመው ማለት ነው። በአስተማማኝ የሚገኘው እረፍት 10 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ደቂቃ አውቶቡሱን ቦታው ላይ ለማስተካከልና ለመገናኘት ይሄዳል፣ የሚቀረው 8 ደቂቃ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። በቀን ሁለት ጊዜ ቢሞላ 80፤ በቂ ነው። ግን ባትሪው ያንን ፍጥነት መቀበል አለበት። ቻርጀሩ 300 ስለሆነ ባትሪውም 300 ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ፣ በተለይ ከ80 በመቶ ወዲያ፣ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አምራቹን "በየደረጃው ስንት ኪሎዋት ይቀበላል?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከዚያ ወረፋውን አስሉ። በሰዓት 9 አውቶቡስ ለመሙላት የሚመጣ ከሆነና እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ከያዘ፣ 90 ደቂቃ ያስፈልጋል። አንድ ቻርጀር ያለው 60 ነው። ሁለት ከሆኑ 120፣ ስለዚህ ከጊዜያቸው 75 በመቶው ይያዛል። ወረቀት ላይ ምቹ ነው። አውቶቡሶች ግን በየ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ አይመጡም፤ መንገድ ሲጨናነቅ ሦስትና አራት ሆነው ተከታትለው ይደርሳሉ። ስለዚህ ከ75 በመቶ በላይ እንዲያዝ አታቅዱ፤ መጨናነቅ የበዛበት መስመር ከሆነ ከዚያም ዝቅ አድርጉት።

6ኛ፦ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል አቅራቢው ቶሎ ሂዱ

ይህን እርምጃ ስድስተኛ ብዬ ጻፍኩት እንጂ ንግግሩ ከመጀመሪያው ሳምንት መጀመር አለበት። አውቶቡስ በወራት ይገዛል። አዲስ መካከለኛ ቮልቴጅ መስመር መሳብ ወይም ማከፋፈያ ጣቢያ ማሳደግ ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። አውቶቡሶቹ መጥተው ግቢ ውስጥ ቆመው መብራት የሚጠብቁበት ሁኔታ የሚፈጠረው ይህ ንግግር ሲዘገይ ነው።

ለእያንዳንዱ አማራጭ ቦታ እነዚህን ጠይቁ፦ በአቅራቢያው ያለው መካከለኛ ቮልቴጅ መስመር ምን ያህል ይርቃል? ያልተያዘ ስንት ኪሎዋት አለው? በየትኛው ሰዓት? መብራት በወር ስንት ጊዜ ይጠፋል፣ ለምን ያህል ጊዜ? ከሌላ ማከፋፈያ የሚመጣ ሁለተኛ መስመር ማግኘት ይቻላል? ታሪፉ የሚሰላው በተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው ወይስ በወሩ በደረሳችሁበት ከፍተኛ ኪሎዋትም ጭምር? የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ከፍተኛው ጭነት የሚያስከፍል ከሆነ በአንድ ምሽት ሁሉንም አውቶቡስ በአንዴ መሰካት የወሩን ሂሳብ ያንረዋል።

ዴፖው ስንት ኪሎዋት እንደሚፈልግ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። 60 አውቶቡስ አላችሁ፣ እያንዳንዱ ሌሊት በአማካይ 220 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ድምሩ 13,200 ነው። ሁሉም ገብተው የሚቆሙበት ጊዜ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት። 13,200 ለ6 ሲካፈል 2,200 ኪሎዋት። በቻርጀሩና በኬብሉ የሚባክነውን 10 በመቶ ያህል ስትጨምሩበት 2,420 ገደማ ይሆናል። 60ዎቹን በ100 ኪሎዋት ቻርጀር አንድ ላይ ብትሰኩ ግን 6,000 ኪሎዋት ይጠይቃሉ። ልዩነቱን የሚያጠበው ቻርጁን በተራና በመጠን የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ነው፦ ቀድሞ የሚወጣው ቀድሞ ይሞላል፣ ዘግይቶ የሚወጣው ይጠብቃል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ለ6,000 ሳይሆን ለ3,000 አካባቢ፣ ከተወሰነ መጠባበቂያ ጋር፣ ሊሆን ይችላል። ይህ በጣም ትልቅ ገንዘብ ነው። ቻርጀሮቹ ኦሲፒፒ (OCPP) የሚባለውን፣ የተለያዩ አምራቾች ቻርጀርና ሶፍትዌር የሚነጋገሩበትን የጋራ መግባቢያ የሚደግፉ ይሁኑ፤ አለዚያ ከአንድ አምራች ሶፍትዌር ጋር ታስራችሁ ትቀራላችሁ።

ስለ ሶላር ሁልጊዜ ይጠየቃል። የዴፖ ጣሪያ ላይ ቢደረግ ጥሩ ነው፣ ግን ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት አውቶቡሶቹ ሥራ ላይ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ የሚገቡት ይጠቀሙበታል፤ ለሌሊቱ ግን ማጠራቀሚያ ባትሪ ካልታከለ የመስመሩን ፍላጎት አይቀንስም።

7ኛ፦ ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት

ካርታ ላይ የተመረጠውን ቦታ ሄዳችሁ እዩ፤ አንዴ በመጨናነቂያ ሰዓት፣ አንዴ በሌሊት፣ ከተቻለ ከከባድ ዝናብ በኋላ። ውኃ የሚያቁር ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ካቢኔ አይቀመጥም። ሌላ ምርጫ ከሌለ መሠረቱ ከፍ ይበል፣ ፍሳሹም ይሠራ።

ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ ለመታጠፍ ውጫዊ ራዲየሱ 12.5 ሜትር የሆነ ክብ ቦታ ይፈልጋል። መሬቱ ላይ በኖራ አስምሩና እውነተኛ አውቶቡስ አምጥታችሁ ልምድ ባለው ሹፌር አስነዱት። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሳይሄድ ገብቶ ቢወጣ ይመረጣል። የመሰኪያው ቀዳዳ የት እንደሆነም እዩ። አንዳንዱ ከፊት በስተቀኝ ነው፣ አንዳንዱ ከኋላ። ቻርጀሩ በግራ፣ ቀዳዳው በቀኝ ከሆነ ኬብሉ መሬት ላይ ይጎተታል፣ ጎማ ይሄድበታል፣ ቶሎም ይበላሻል። ሁለት ዓይነት አውቶቡስ ካላችሁ ደግሞ ኬብሉ ለሁለቱም መድረሱን በሜትር ለኩት።

ከመሬት በታች የውኃ፣ የፍሳሽና የቴሌኮም መስመር መኖሩን ከየባለቤቶቹ አጣሩ። ከላይ የሚያልፍ ሽቦና የዛፍ ቅርንጫፍ ለፓንቶግራፍ እንቅፋት ነው። የእሳት አደጋ መኪና እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ የሚገባበት መንገድ ይኑር፤ አውቶቡሶቹም አንዱ ቢቃጠል ሁሉም እንዳይያያዙ በቡድን በቡድን ክፍተት ይተውላቸው። የሰፈሩን ሰዎችም አነጋግሩ፤ የፈጣን ቻርጀር ማቀዝቀዣ ፋን ሌሊት ይሰማል። የሹፌሮች መጸዳጃና መብራት ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሹፌሩ በ10 ደቂቃ እረፍቱ መጸዳጃ ፍለጋ ከሄደ አውቶቡሱን ማን ቻርጀር ላይ ያቆመዋል?

8ኛ፦ አወዳድሩና ምረጡ

ለእያንዳንዱ ቦታ "የትኞቹን ውሎዎች ይፈታል?" የሚል ዝርዝር አዘጋጁ። ብዙ የሚፈታውን ያዙ፣ የተፈቱትን ከዝርዝሩ ሰርዙ፣ ከቀሩት ውስጥ ብዙ የሚፈታውን ደግሞ ያዙ፣ ሁሉም እስኪያልቅ ቀጥሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱና አንድ በአንድ እያወጣችሁ "ይህ ባይኖርስ?" ብላችሁ ሞክሩ፤ አንዳንዴ መጀመሪያ የተመረጠው በኋላ አላስፈላጊ ሆኖ ይገኛል። ለመካከለኛ ከተማ ይህ በኤክሴል ይሠራል። ብዙ መቶ አውቶቡስ ካለ በሂሳብ ሞዴል የሚሠራ ባለሙያ ያዙ፣ ግን የምትሰጡት መረጃ ከ1ኛው እስከ 6ኛው ያለው ራሱ ነው።

ወጪውን ስታወዳድሩ የቻርጀሩን ዋጋ ብቻ አትዩ። የመብራት መስመሩ ዝርጋታ፣ የባዶ ጉዞው ኪሎ ሜትር፣ ሹፌሩ ቻርጀር ላይ የሚጠብቅበት ደሞዝ፣ የሚያስፈልገው ተጨማሪ አውቶቡስ፣ ሁሉም ይደመር። ርካሽ መሬት ከተርሚናሉ 6 ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ በየቀኑ በደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ባዶ ጉዞ ለእያንዳንዱ አውቶቡስ አለ ማለት ነው። ለ12 ዓመት አባዙትና ከመሬቱ ዋጋ ጋር አስተያዩት።

9ኛ፦ እቅዱን ለማፍረስ ሞክሩ

ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ላይ አደጋ ፍጠሩ። ተርሚናሉ ላይ ካሉት ሁለት ቻርጀሮች አንዱ ለሦስት ቀን ተበላሸ፤ የትኞቹ ውሎዎች ይቆማሉ? ሌሊት ለአራት ሰዓት መብራት ጠፋ፤ ጠዋት ስንት አውቶቡስ ይወጣል? ባትሪው ሁሉ ወደ 80 በመቶ ወርዷል፣ ቀኑም የዓመቱ ከባድ ቀን ነው፤ የመጨረሻው ምልልስ ይደርሳል? በአንዱም መልሱ "አናውቅም" ከሆነ እቅዱ አላለቀም። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብዙ ሥራ የሚቆም ከሆነ ሦስተኛ ቻርጀር ጨምሩ፣ ወይም እነዚያን ውሎዎች በከፊል ወደ ሌላ ተርሚናል አዙሩ።

መሬት ስትቆፍሩ አሁን ከሚያስፈልገው በላይ ባዶ የኬብል ቱቦ ቅበሩ፣ የትራንስፎርመሩንም መሠረት ለሁለተኛ ትራንስፎርመር እንዲበቃ አስፉት። ቱቦ ርካሽ ነው፤ አስፋልት ደግሞ ቆርጦ እንደገና መቆፈር ውድ ነው።

ከዚያ ሁሉንም በአንዴ አትክሉ። አንድ ዴፖና አንድ ተርሚናል መርጣችሁ ጥቂት መስመሮችን አስጀምሩ፤ ከተቻለ ቀላሉን ሳይሆን ዳገት ያለበትንና የሚጨናነቀውን። እያንዳንዱ አውቶቡስ ሲገባ ባትሪው ላይ የቀረውን በመቶኛ፣ ቻርጀር ላይ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀና ስንት ጊዜ ሳይገናኝ እንደቀረ በየቀኑ መዝግቡ። የተመዘገበው ከ2ኛውና ከ5ኛው እርምጃ ግምት ጋር ካልተቀራረበ፣ ለቀጣዩ ቦታ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ሰንጠረዡን በአዲሱ ቁጥር አርሙት። ስምሪት ክፍሉም መስመር በቀየረ ቁጥር ለውጡን መጀመሪያ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ይፈትን።